ላይቩን ስንት ሰው አየው? ስንቱስ ቆየ?

ሂስ፤ ከኢስትሊ፣ ናይሮቢ

«ጋሼ፣ ስንት ደረስን?»

ወጣቱ ይህን የጠየቀኝ ድምፁን ለአፍታ ዘግቶ ነው። ስልኩ በማቆሚያው ላይ ተተክሏል፤ ከልጁ ኋላ ነጠላ ተሰቅሏል፤ ከታች የማታቱ ጥሩምባና የነጋዴው ጩኸት ይሰማል። ያለነው ኢስትሊ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ሰፈሩን ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ልጁ ስለ ሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ ለተመልካቾቹ እያስረዳ ነበር፤ ደግሞም ጥሩ አድርጎ ነበር የሚያስረዳው። ግን ሐሳቡን ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሸሸ። እዚያ ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ወርዳለች። እሷ ስትወርድ ፊቱም አብሯት ወረደ።

ይህ ልጅ የእናንተው ወንድም ነው። እንግሊዝኛውንም ኮምፒውተሩንም የተማረው ካምፕ ውስጥ ነው። አሁን በሳምንት አምስት ምሽት በዩቲዩብ በአማርኛ ላይቭ እየገባ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ፎርም አሞላልና ማመልከቻ አጻጻፍ ያሳያል። «ስለ ፕሮግራሜ ሂስ ይጻፉልኝ፤ እንዳይምሩኝ ብቻ» አለኝ። ስታቲስቲክሱንም ሳይደብቅ ከፍቶ አሳየኝ። ስድስት ሳምንት ተከታተልኩት። ከእናንተም መካከል «እኔም አንድ ቀን ቻናል እከፍታለሁ» የሚል ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ፣ ይህ ጽሑፍ ለእሱ ብቻ አይደለም።

የጥጓ ቁጥር ምን ትላለች?

ላይቭ ላይ ጥግ የምትታየው ቁጥር የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህች ደቂቃ ስንት ሰው አብሮ እያየ እንደሆነ። ከዚያ ውጭ ምንም። ላይቩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጠቅላላ የእይታ ቁጥር ደግሞ ገብቶ ወዲያው የወጣውንም ይጨምራል። ከፍተኛው ቁጥር የሚባለውም ከሌሊቱ ሁሉ አንዲቷን ምርጥ ደቂቃ ነው የሚያሳየው።

ሠርግ የደገሰ ሰው ያውቀዋል። በር ላይ ቆሞ የገባውን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ማዕዱ ላይ የተቀመጠውን መቁጠር ሌላ ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው። ሁለት ላይቮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ቆዩ እንበል። ወደ መጀመሪያው 600 ሰው ገብቶ እያንዳንዱ አንዳንድ ደቂቃ ቆየ፤ ድምሩ 600 ደቂቃ ነው። ወደ ሁለተኛው የገባው 60 ሰው ብቻ ነው፤ ግን እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ተቀመጠ፤ ድምሩ 1800 ደቂቃ ይሆናል። አሁን ሁለቱንም ለ120 ደቂቃ አካፍሉ። በመጀመሪያው ቤት በማንኛውም ጊዜ በአማካይ የተቀመጠው 5 ሰው ነው፤ በሁለተኛው 15። «ስድስት መቶ ሰው አየኝ» ብሎ የሚፎክረው ባለ አምስቱ ነው ማለት ነው።

ልጁ ይህን በወረቀት ላይ ስናሰላው ሳቀ። ቀጥሎ ግን ዝም አለ፤ ለጓደኞቹ ሲናገረው የቆየው የትኛውን ቁጥር እንደነበር ገብቶታል።

ግራፉንና ደብተሩን ጎን ለጎን

ዩቲዩብ ላይቩ ካለቀ በኋላ ሰው በየትኛው ደቂቃ እንደበዛና እንደቀነሰ በመስመር ይስላል። ብዙ ባለ ቻናል መስመሩን አይቶ ወይ ይደሰታል ወይ ይከፋዋል፤ ከዚያ ይዘጋዋል። እኛ ሌላ ነገር ሞከርን። እኔ ላይቩን እያየሁ በደብተር ጻፍኩ፦ በ5ኛው ደቂቃ ሰላምታ፣ በ14ኛው ትምህርት ተጀመረ፣ በ40ኛው መብራት ጠፋና በሞባይል ዳታ ቀጠለ፣ እንዲህ እያልኩ። በማግስቱ ደብተሩንና ግራፉን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው።

መጀመሪያ የታየን ነገር የጠበቅኩት ነበር። ልጁ ሲጀምር የገባውን ሁሉ በስም ይጠራል፦ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ከየት ነሽ? ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ»። ይህ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አዲስ የገባ ሰው ሩብ ሰዓት ሰላምታ ሰምቶ አይቀመጥም፣ ይወጣል። እኔም እንደ ሽማግሌ አስተማሪ ፈረድኩ፦ «ሰላምታውን ተወው! ቀጥታ ወደ ትምህርቱ ግባ» አልኩት።

ተሳሳትኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰላምታውን ጨርሶ ቆረጠው፤ በእርግጥ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ሰው ቀነሰ። ግን ኮመንቱ ሞተ። ጥያቄ የሚጠይቅ ጠፋ፤ የድሮዎቹ ደንበኞች ሁለት ሦስት ምሽት መጥተው ቀሩ። አንዷ ኋላ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «በስሜ የሚጠራኝ አንተ ብቻ ነበርክ፤ አሁን ግን እንደ ቴሌቪዥን ሆንክ»። አያችሁ፣ ለአዲሱ ሰው ጊዜ ማባከን የሆነው ነገር ለነባሩ የመጣበት ምክንያት ነበር። ስለዚህ አሁን በመጀመሪያዋ ደቂቃ «ዛሬ ይህን እንማራለን» ይልና ይጀምራል፤ ስም መጥራቱን ወደ መሃል፣ ወደ ዕረፍት ሰዓት ወሰደው። ሁለቱም ዓይነት ሰው ተቀመጠ።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ቁጥር መቼ እንደወጡ ይነግርሃል እንጂ ለምን እንደወጡ አይነግርህም። ለምኑን ሰው መጠየቅ ነው። በሬዲዮው ዘመን ጋዜጠኛው የአድማጩን ደብዳቤ ሲጠብቅ የሚኖረው ለዚህ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው፤ ግን ምክንያቱን ይዞ ይመጣል። ዛሬ ግራፉም ደብዳቤውም በእጃችን ሳለ ግራፉን ብቻ የምናነበው ለምንድን ነው?

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሃያ ሰው የሚያየው ላይቭ ላይ አራት ሰው ሲወጣ ግራፉ ገደል የገባ ይመስላል። ምናልባት የአራቱም ኔትወርክ ተቋርጦ ይሆናል፤ ምናልባት አንዷ ሕፃን አልቅሶባት ነው። የአንድ ምሽት መስመር ወሬ ነው፤ የአንድ ወር መስመር ነው ቁም ነገር። ተመልካች ሲያንስ እኮ ዩቲዩብ ራሱ አንዳንዱን ዝርዝር አያሳይም።

የሰዓት ጉዳይ

ልጁ የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ለምን 3 ሰዓት? «ያኔ ሥራ ስለምጨርስ» አለኝ። ለእሱ ይመቸዋል፤ ተመልካቹስ? የተመልካቾች አገር ዝርዝርን ከፈትነው። ኬንያ አለች፣ ኢትዮጵያ አለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከፍ ብለው ይታያሉ፤ አሜሪካም አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። ናይሮቢ፣ አዲስ አበባና ሪያድ በአንድ ሰዓት ነው የሚኖሩት። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። የእኛ ምሽት 3 ሰዓት በዋሽንግተን በበጋቸው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 7 ሰዓት። አሜሪካኖች በመጋቢትና በኅዳር (በፈረንጆቹ) ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም። በእነዚያ ወራት የአሜሪካው ተመልካች በድንገት ቢቀንስ ወይም ቢጨምር ፕሮግራምህ ተበላሽቶ ወይም ተሻሽሎ ላይሆን ይችላል፤ ሰውየው ምሳ ላይ ወይም ሥራ ላይ ሆኖ ነው። ለሜልቦርን ደግሞ ያ ሰዓት ሊነጋ ሲል ስለሆነ ላይቩን ባይከታተሉ አይፈረድባቸውም፤ ቅጂውን ይመለከቱታል።

ከሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነው። መስመሩ ከ4 ሰዓት በኋላ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ ልጁ ደግሞ ልክ 4 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይዘጋል። ሰው እየመጣ ሳለ በሩን ይዘጋል ማለት ነው። «እነማን ናችሁ በዚህ ሰዓት የምትገቡት?» ብሎ እንዲጠይቅ መከርኩት። መልሱ የመጣው ከዓረብ አገር ነው፦ «እኔ የማዳሜን ሳህን አጥቤ፣ ልጆቹን አስተኝቼ ስልኬን የማነሳው ያኔ ነው። ስገባ አንተ ቻው እያልክ ነው»። ሌላዋም እንደዚሁ፣ ሌላዋም።

ለምንድን ነው ታዲያ የሚዘጋው? ባትል ስላለበት ነው።

ስለ ባትሉ

ላልገባችሁ ላስረዳ። ቲክቶክ ላይ ሁለት ባለ ላይቮች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው ለጥቂት ደቂቃ ይፋለማሉ። ተመልካች በገንዘብ በገዛው ኮይን ስጦታ ይልካል፤ ስጦታው ነጥብ ይሆናል፤ የተሸነፈው ብዙ ጊዜ ቅጣት አለበት፦ ዱቄት ፊቱን መቀባት፣ እንደ አህያ መጮህ፣ ሌላም የማልጽፈው። ልጃችን ከትምህርቱ ቀጥሎ ወደዚህ ይሮጣል። እውነቱን መናገር ካለብኝ ቁጥሩ ያድጋል፤ ጥጓ ላይ ያለችው ቁጥር ዩቲዩብ ላይ ዓይታ የማታውቀው ቦታ ትደርሳለች።

እንግዲህ ሂሴ እዚህ ላይ ይጠነክራል። ባትሉን አራት ምሽት ተቀምጬ አየሁት። ያ ቃል እየመረጠ የሚያስተምር ልጅ እዚያ ሌላ ሰው ነው። ሲጮህ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስለዚህ ይጮሃል። ሲሳደብ ይጨምራል፣ ስለዚህ ይሳደባል። አንድ ምሽት ደክሞት ስለ እናቱ ተናግሮ አለቀሰ፤ ያ እውነተኛ እንባ ነበር። ስጦታው ጎረፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ታሪክ በዚያው ሰዓት ደገመው። እኔ ያን ጊዜ ላይቩን ዘጋሁት። እሱ ቁጥሩን ይመራ የነበረ ይመስለው ነበር፤ ቁጥሩ ግን እሱን እየገራው ነበር።

ስለ ስጦታው ገንዘብም እንነጋገር፤ ኪራይ የሚከፈለው በምክር አይደለምና። ቢቢሲ በእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ባወጣው ምርመራ በሰሜን ምዕራብ ሶሪያ ካምፖች ያሉ ተፈናቃይ ቤተሰቦች በቲክቶክ ላይቭ ለሰዓታት እየለመኑ እንደነበር አሳይቷል። አንዳንዶቹ በሰዓት እስከ 1000 ዶላር የሚደርስ ስጦታ ይላክላቸው ነበር። ጋዜጠኞቹ ለሙከራ 106 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ሲልኩ ተቀባዩ አካውንት ላይ የታየው 33 ዶላር ነው። ገንዘቡን ለማውጣት ሲከፈል፣ ደላላውም ድርሻውን ሲወስድ ለቤተሰቡ የሚቀረው 19 ዶላር ነበር። ቲክቶክ የሚወስደው ድርሻ ከ70 በመቶ በእጅጉ ያነሰ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት ይህ ነው፦ ስክሪኑ ላይ የሚበረው አንበሳና ጽጌረዳ ኪስ ውስጥ ከሚገባው ጋር አንድ አይደለም።

ልጁን «ሂሳቡን ጻፈው» አልኩት። ለአንድ ወር ያወጣውን ገንዘብ፣ ለባትል ጓደኞቹ ውለታ ለመመለስ የገዛውን ኮይን፣ ለዳታ የከፈለውን፣ ባትል ላይ የተቀመጠበትን ሰዓት ሁሉ ጻፈ። ቀንሶ ለሰዓቱ ሲያካፍለው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ስንት እንደሆነ መናገር የእሱ ፈንታ ነው። እኔ የምለው ግን ስጦታ የምትቀበሉ ሁሉ ይህን አንድ ሂሳብ ሳትሠሩ «ያዋጣል» አትበሉ።

ከገንዘቡ የሚብስ ነገርም አለ። ቁጥር ለማሳደግ ሲባል ሰው ኬዙን በላይቭ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ኢንተርቪው ላይ ምን እንደተባለ፣ ከየት እንደሸሸ፣ ማን እንደሚፈልገው። ወረቀቱን ለካሜራ ያሳየም አለ። በመስኮቱ በኩል የሕንፃው ስም የሚነበብበት ላይቭም አይቻለሁ። የኢስትሊ ሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014ን አልረሳም፤ በኡሳላማ ዋች ዘመቻ ብዙ ስደተኛ ከየቤቱና ከየመንገዱ ተይዞ ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተወስዷል። ስታቲስቲክሱ «ይህን ያህል ሰው እያየህ ነው» ይልሃል፤ ማን እንደሆነ ግን አይልህም። የላይቩ ቅጂ ደግሞ አንተ ብታጠፋውም ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሊቀር ይችላል። ሰፈሩን ያልተናገርኩት ለዚህ ነው።

ቁጥር ሲያገለግል

ቁጥርን ጠላሁ ማለቴ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የመቄዶንያ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲያሰባስብ ብዙዎቻችን እዚህ ናይሮቢ ሆነን ተከታትለናል። እዚያም ቁጥር ነበር፤ ሰው ዓይኑን ተክሎ የሚያየውም ቁጥሩን ነበር። ልዩነቱ ቁጥሩ የሚቆጥረው ነገር ነው። የሚጨምረው ለሕንፃው የተሰጠው ብር ነበር። ሰዉም የተቀመጠው በዚያ ምሽት ጩኸት ተስቦ አይደለም፤ ድርጅቱ አረጋውያንን ከየመንገዱ ሲያነሳ ለዓመታት አይቶ ስላመነው ነው። እምነቱ ከካሜራው በፊት ተሠርቶ ነበር።

ከራሳችን ሰፈርም ምሳሌ አለ። ካኔሬ የተባለው የካኩማ ስደተኞች ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር በስደተኞች የተዘጋጀ ነፃ ጋዜጣ ነበር። ያን ጊዜ ጥግ ላይ የምትወርድና የምትወጣ ቁጥር አልነበረችም። አዘጋጁ «ይህን መጻፍ አለብኝ ወይ?» ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ራሱን ነበር። ላይቭ የሚገባም ሰው ይህን ጥያቄ ስልኩን ከመክፈቱ በፊት ቢጠይቅ፣ ግራፉን ከዘጋ በኋላ ሲያነበው ይጠቅመዋል። ምን ሊሠራ እንደመጣ ያላወቀ ሰው ግን ግራፉ ወደ ወሰደው ይሄዳል።

ምን ይደረግ?

ቻናል ላላችሁና ልትከፍቱ ለምታስቡ ያየሁትን ላካፍል። መጀመሪያ ዕድሜ፦ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ለመግባት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ዩቲዩብም ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ጀምሮ ብቻውን ላይቭ ለሚገባ ሰው ዝቅተኛውን ዕድሜ 16 አድርጎታል። ልጆች በሰው አካውንት አትግቡ።

ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ተከታተሉ፦ አንድ ሰው በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከተመልካቾቹ ስንቱ ከዚህ በፊት የመጣ እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት እንደበዙ። እነዚህን በሳምንት አንድ ቀን በደብተር ጻፉ፤ ማታ ማታ አትዩአቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሰዓቱንም ርዕሱንም አጀማመሩንም በአንድ ሳምንት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ? ለውጡንም ቢያንስ አራት ሳምንት ስጡት። ተመልካቹ በሞባይል የሚያይና ዳታ የሚቆጥብ ከሆነ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጉ፤ ድምፁ ግን ይጥራ። ሳህን እያጠበች የምትሰማችሁ እህት ስክሪኑን አታየውም፤ «ይህን እዩት» ከማለት የተጻፈውን አንብቡላት። በመጨረሻም፣ ላይቭ ስትገቡ ያቺን የጥጓን ቁጥር በትንሽ ፕላስተር ሸፍኗት። አልቀለድኩም፤ ልጁ አድርጎታል።

ፍርዴን ጠይቆኛልና ልናገር። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ከክፍል ትምህርት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ተማሪው ራሱ በገጠመው ፎርም ነው የሚያስተምረው። ድካሙ ዝግጅት ላይ ነው፤ ምሳሌዎቹ ይደጋገማሉ፣ እንግሊዝኛውን ሲያነብም ይቸኩላል። ባትሉ ግን መጥፎ ነው፤ መጥፎነቱም ዱቄቱና ጩኸቱ አይደለም። ሊማሩ የደረሱትን ሰዎች በር ላይ ትቶ ሊስቁበት የመጡትን ሊያስተናግድ ስለሚሮጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሙን ወደ 4 ሰዓት አዛወረው። ባትሉን ለአራት ሳምንት ሊተወው ወስኗል፤ ለኪራዩ ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ ሰዓት ጨምሯል። ከአራት ሳምንቱ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ግራፍ አይቶ አይታገሥም። በመጀመሪያው ምሽት ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ያቺ የዓረብ አገሯ እህት ገባች፤ በስሟ ጠራት። «ዛሬ ደረስኩ!» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጥያቄዋን አስከተለች፦ ፓስፖርቷ በእጇ የሌለ ሰው ለኤምባሲ ደብዳቤ ሲጽፍ እንዴት ነው የሚጀምረው?

ልጁ ወደ ጥጉ አላየም። ደብዳቤውን አብረው መጻፍ ጀመሩ።

በዚህ ሂስ የማትስማሙ ካላችሁ፣ በተለይ ባትል የምትጫወቱ፣ ጻፉልን፤ የተቃውሞ ደብዳቤ ምክንያቱን ይዞ ስለሚመጣ እንወደዋለን። ቸር ይግጠመን።